መኪና እንግዛ ወይስ እንከራይ?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ባሁኑ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ስለሚነሣ አንድ ጉዳይ ያለኝ አሳብ ለአንባቢዎች እንዲደርስልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩም በደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው መኪና ቢገዛ ይሻለዋል ወይስ ቢከራይ የሚለው ነው።

እኔ የምኖረው በሰበታ ነው። ሥራዬ አዲስ አበባ ሲሆን በሥራ ቀን በሰርቪስ ስለምመላለስ ለቢሮ ስል መኪና አያስፈልገኝም። ችግሬ ሌላ ነው። እናቴ በሱሉልታ ከታላቅ ወንድሜ ዘንድ ይኖራሉ። የልብ ሕመም ስላለባቸው በወር 2 ጊዜ ወደ ሐኪም መወሰድ አለባቸው፤ በየእሑዱም ልጆቼን ይዤ ሄጄ ልጠይቃቸው ይገባኛል። ከሰበታ ተነሥቶ በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርጎ አዲሱ ገበያ መድረስ፣ ከዚያም የእንጦጦን አቀበት ወጥቶ ሱሉልታ መግባት ከታክሲ ታክሲ እየተገለባበጡ ነው። ጉልበታቸው የደከመ እናትን በዚህ ዓይነት ጉዞ ማመላለስ እንደማይቻል ማንም ይረዳዋል። እንግዲህ መኪና የሚያስፈልገኝ በወር 6 ቀን ያህል ነው ማለት ነው።

ከአባቴ ውርስ የደረሰኝ 1,000,000 ብር አለ። ታላቅ ወንድሜ «ገንዘብ እየረከሰ ይሄዳል፤ መኪና ግን ዋጋው ይጨምራል፤ ዛሬውኑ ግዛ» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ይህ ገንዘብ የልጆቹ መማሪያ ነው፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን» ትላለች። ሁለቱም የሚናገሩት ቁም ነገር ስለሆነ ነገሩን በስሜት ሳይሆን በሒሳብ ለማየት ቆረጥሁ።

በመጀመሪያ «ሊዝ» የሚለውን ቃል እንይ። በእኛ አገር ሊዝ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የከተማ ቦታን ነው። በሌላው ዓለም ግን መኪናም በሊዝ ይያዛል። ይኸውም ሰውየው ለ2 ወይም ለ3 ዓመት ተዋውሎ በየወሩ ይከፍላል፤ የሚከፍለውም መኪናው በውሉ ዘመን የሚቀንሰውን ዋጋ፣ ወለዱንና የአከራዩን ትርፍ ነው። ጊዜው ሲያልቅ መኪናውን ይመልሳል። በእኛም አገር የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ወጥቷል፤ ነገር ግን የታሰበው ለማምረቻ መሣሪያና ለመሳሰለው እንጂ ልጆችንና እናትን ለማመላለሻ አይደለም። ስለዚህ ለእኛ ያለው ምርጫ በባንክ ብድር ወይም በእቁብ መግዛት፣ አለዚያም በቀንና በወር መከራየት ነው።

የወንድሜ አነጋገር መሠረት የለውም አልልም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ሁሉ መካከል አሮጌ መኪና የነበረው ሰው ገንዘቡን ጎማ ባለው ሣጥን እንዳስቀመጠ ሆነ። መኪናው ስላላረጀ ሳይሆን ብሩ ስለወደቀና አዲስ የሚገባው ስለተወደደ ነው።

ዛሬ አዲስ የቤት መኪና ልግዛ የሚል ሰው የሚገዛው ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ነው። የዚህ ዋጋ እንደ ድሮው መኪና ይጠብቃል ብሎ መተማመን አስቸጋሪ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የባትሪ ዋጋ በዓለም ገበያ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ አዲሱ ሲረክስ ያገለገለው ይበልጥ ይረክሳል። ፋብሪካዎች ለባትሪው ብዙውን ጊዜ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው እዚህ አገር እንደሚሠራ በጽሑፍ ካልተያዘ ግን ከወሬ አያልፍም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰውም የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የእንጦጦ አቀበት ብዙ ኃይል ይበላል፤ ቁልቁለቱ የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በምሳሌ ያህል መኪናው 2,000,000 ብር ነው እንበል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ስለሆነ፣ ይህ ዋጋ ምንም ሳይበሉ ምንም ሳይለብሱ የ14 ዓመት ከመንፈቅ ደመወዝ ነው። እኔ የውርሱን 1,000,000 ብር ከፍዬ የቀረውን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ብበደር በየወሩ 25,393 ብር እከፍላለሁ። ይህም የእኔና የባለቤቴ ደመወዝ የሁለት ክፍል የቤት ኪራይ ተጨምሮበት ከሚሆነው ከግማሽ በላይ ነው። በ5 ዓመት ዕዳው 1,523,580 ብር ይደርሳል። ለመድን፣ ለቦሎ፣ ለጎማና ለጋራዥ በወር 4,600 ብር ብመድብ 276,000 ብር ይሆናል። ሁሉ ሲደመር 2,800,000 ብር ያህል ነው።

ኪራዩ ደግሞ እንዲህ ነው። ለትንሽ መኪና በቀን 3,000 ብር ተብዬአለሁ። በወር 6 ቀን ብከራይ 18,000 ብር፣ በ5 ዓመት 1,080,000 ብር ይሆናል። 1,000,000 ብሩም በእጄ ይቀራል፤ በ7 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በየዓመቱ 70,000 ብር፣ በ5 ዓመት 350,000 ብር ያስገኛል። ስለዚህ መግዛቱ ከመከራየቱ እኩል እንዲሆንልኝ መኪናው ከ5 ዓመት በኋላ 2,070,000 ብር መሸጥ አለበት፤ ይኸውም ከተገዛበት ዋጋ በላይ ነው። እርግጥ የኪራዩም ዋጋ ባለበት አይቆምም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የቡራዩ ነዋሪ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ግን ጉዳዩ ከእኔ ይለያል። የባለቤቱ ሥራ በአንድ ወገን፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በሌላ ወገን ስለሆነ መኪና የሚያስፈልገው በወር 20 ቀን ነው። እርሱ ቢከራይ በ5 ዓመት 3,600,000 ብር ይከፍላል፤ በወር ውል ቢቀነስለትም እንኳ ዕዳውን ከቻለ መግዛቱ ይሻለዋል። እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው፤ ከሁሉ በፊት መኪና በወር ስንት ቀን በእርግጥ እንደሚያስፈልግ በደብተር ይመዝገብ። ከ15 ቀን በላይ ከሆነ መግዛት፣ ከ6 ወይም ከ7 ቀን ካላለፈ መከራየት ያዋጣል፤ በመካከል ያለው ሰው መኪናው ኋላ ስንት እንደሚሸጥ ይመርምር። ጎረቤት ገዛ ተብሎ የሚገዛ መኪና ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

የሚከራይ ሰውም ዓይኑን ይክፈት። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ፣ አከራዩ ባለቤቱ ካልሆነ ውክልና እንዳለው፣ ቦሎው ያልተቃጠለ መሆኑን ይመልከት። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ለግል አገልግሎት የተገባ መድን መኪናው ለኪራይ ሲውል ካሳ እንዳያስከለክል ውሉ ይነበብ። ግጭት ቢደርስ ማን ምን እንደሚከፍል በጽሑፍ ሳይሰፍር ቁልፍ መቀበል አይገባም።

በመጨረሻ አንድ አሳብ ላቅርብ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት አሉ። ለእያንዳንዱ አባል መኪና መግዣ ማበደር አይችሉም። ነገር ግን 2 ወይም 3 መኪና በማኅበሩ ስም ገዝተው ለአባሎቻቸው በተራና በተመጣጣኝ ዋጋ ቢያከራዩ፣ የታመመ ያለበት፣ ሙሽራ የሚድር፣ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ይጠቀም ነበር። በእቁብና በዕድር ችግሩን ሲወጣ ለኖረ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ስለዚህ የሚመለከታቸው የማኅበራት መሪዎች እንዲያስቡበት አሳስባለሁ።

እኔና ባለቤቴ ለአንድ ዓመት በኪራይ ለመቆየት ወስነናል። ታላቅ ወንድሜ አልተስማማም፤ ደብተሩን ግን ሳሳየው «እስቲ ዓመቱ ይድረስ» ብሏል። እናቴም የመጪው ማክሰኞ ቀጠሮአቸው እንደማይታለፍ ስለተረዱ ደስ ብሏቸዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሰበታ