«ንፋስ መውጫ» እንዴት «??? ???» ሆነች?

የጋዜጠኝነት ተማሪን ከዳታቤዝ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። እዚሁ ደብረ ታቦር ከአንድ መሥሪያ ቤት ለዜና የሚሆን የከተሞች ዝርዝር ጠይቄ ሲሰጠኝ ግን ንፋስ መውጫ «??? ???» ሆና ታትማለች። ባለሙያውን ብጠይቀው «ሰርቨሩን ቀይረን መረጃውን እንደ አዲስ አስገባን፤ ማገናኛው ግን የድሮው ነው» አለኝ።

ማገናኛ ማለት በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ማይኤስኪውኤል 8.0 በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ የይለፍ ቃል ማረጋገጫውን ስለቀየረ ብዙ የቆዩ ማገናኛዎች መግባት አቃታቸው። የፊደል ኮዱም፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ከላቲን ወደ ዩኒኮድ ዞረ። የ5.7 ማገናኛ ግን ካልነገሩት የሚጠይቀው ላቲን ነው። ላቲን ውስጥ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ የጥያቄ ምልክት ይልካል።

ታዲያ የድሮው ለምን ይቀራል? በሊኑክስ የማገናኛው ፋይል ቁጥር ከ20 ወደ 21 አድጓል። በ20 የተሠራ ፕሮግራም 21ን ብቻ ቢያገኝ አይነሣም። እንደገና መሥራቱ ሲከብድ የድሮው ከአዲሱ ጎን ይቀመጣል።

አልገባም ያለ ማገናኛ ቢያንስ ይጮኻል። ይኼኛው ግን ዝም ብሎ ስም ያጠፋል፤ ያ የጥያቄ ምልክት ተመልሶ ከተመዘገበ ዋናው ስም ከቅጂ ካልሆነ አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ አሳድጉ፣ የፊደል ኮዱን በግልጽ ጻፉ፣ አስቀድማችሁም በቅጂ ላይ ሞክሩ። «ንፋስ መውጫ» ብላችሁ አስገቡ፤ እንደገባች ከወጣች ቀጥሉ።