አካሉ ክንፍ የሆነ አውሮፕላን

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ በልደታ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሰው መንገዱ ኦልድ ኤርፖርት ወደሚባለው ሠፈር ያደርሰዋል። ስሙ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ቤቱ የልደታ ሜዳ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያው በረራ በሲ-47 ነበር። ሲ-47 ባለ ሁለት ሞተር፣ ጅራቱን መሬት አስነክቶ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንጋጦ የሚቆም፣ ለጦርነት ተሠርቶ ለሰላም ጊዜ የተረፈ አውሮፕላን ነው። ለእንዲህ ያለው ልደታ ይበቃው ነበር። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ጄት ሊገዛ ሲነሣ ግን ሜዳው አጠረ። ጄቱን የሚችል መንደርደሪያ ቦሌ ላይ ተሠራ፣ ጄቶቹም በ1955 ዓ.ም ገቡ። አዲስ አበባ ወደ ቦሌ የተለጠጠችበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

አውሮፕላን ቅርጹን ሲለውጥ ብቻውን አይለወጥም። ሜዳው፣ የመንገደኛው በር፣ የጥገናው ቤት፣ ከተማው ሳይቀር አብሮት ይለወጣል። ዛሬ በዓለም ላይ ከጄት መምጣት ወዲህ ያልታየ የቅርጽ ለውጥ እየተሞከረ ነው። እኛም በዚሁ ጊዜ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ መገንባት ጀምረናል። ስለዚህ ይህን አዲስ ቅርጽ ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅመናል።

የምናውቀው መንገደኛ አውሮፕላን ቧንቧ ነው። ረጅምና ድቡልቡል አካል፣ በጎንና በጎኑ ወደ ኋላ የተጣለ ክንፍ፣ ከክንፉ ሥር የተንጠለጠሉ ሞተሮች፣ ከኋላ ጅራት። ቦይንግ 707 እ.ኤ.አ. በ1958 መንገደኛ መጫን ከጀመረ ወዲህ ይህ መልክ አልተነካም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም አየር መንገዳችን ከጃፓን ውጭ ካሉት ሁሉ ቀድሞ የተረከበው 787 ድሪምላይነር እንኳ የተለየው በቁሱ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም ከአፍሪካ ቀድመን ያስገባነው ኤርባስ ኤ350ም እንደዚያው ነው። ቁሱ አዲስ፣ ሞተሩ አዲስ፣ መልኩ ግን ያው ቧንቧ።

ቧንቧው አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። አውሮፕላኑን አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው። ሰውና ዕቃ የሚጫንበት አካል ይህ ነው የሚባል የማንሣት ሥራ ሳይሠራ አየሩን እየቀደደ ይጎተታል። አዲሱ ንድፍ፣ ባለሙያዎቹ ብሌንድድ ዊንግ የሚሉት፣ አካሉን ጠፍጥፎ ከክንፉ ጋር ያዋሕደዋል። አካሉ የት አልቆ ክንፉ የት እንደሚጀምር መለየት አይቻልም፤ መንገደኛው የሚቀመጥበት ሰፊ መሐል ራሱ ያነሣል። ጅራት የለውም ወይም ትንሽ ነው፤ ሞተሮቹ ጀርባው ላይ ይቀመጣሉ። አየር የሚነካው የውጭ ገጽ ስለሚያንስ ጉተታው ይቀንሳል፣ ጉተታው ሲቀንስ ነዳጁ ይቀንሳል። ድምፁንም ሰፊው ጀርባ ስለሚከልለው ከሥር ላለው ሠፈር ጩኸቱ ይለዝባል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ናሳ ለረጅም ርቀት አውሮፕላን ሌላ መልክ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄውን ተቀብለው የሠሩበት በማክዶኔል ዳግላስ ኩባንያ የነበሩት ሮበርት ሊቤክና ባልደረቦቻቸው ናቸው። 800 ሰው የሚጭን አውሮፕላን በወረቀት ነደፉ፤ በአንድ ዓይነት ሞተርና ቁስ ከተሠራ ባለ ቧንቧ አውሮፕላን ጋር ሲያስተያዩት ነዳጁ 27 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ኩባንያው ቦይንግን ከተቀላቀለ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ኤክስ-48ቢ የተባለው፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ከ6 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ አብራሪ አልባ ሞዴል ሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤድዋርድስ ላይ ተነሥቶ 92 ጊዜ በረረ። ኤርባስም ማቬሪክ የሚል ስም የሰጠውን ትንሽ ሞዴል አብርሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ አሳየ።

ታዲያ ይህን ያህል የሚቆጥብ ከሆነ ለምን እስከ ዛሬ አልተሠራም? አንደኛው መልስ የአየር ግፊት ነው። አዋሽ ላይ ክዳኑ ጠብቆ የታሰረ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አዲስ አበባ ሲደርስ ጎኖቹ አብጠው ይገኛሉ። ውስጡ ያለው የቆላ አየር ከደጋው አየር ስለሚበልጥ ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ድቡልቡል ጠርሙስ ቢሆን ግን ግፊቱን በዙሪያው እኩል ስለሚካፈለው ቅርጹን አይለቅም። ቧንቧው የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአሥራ አንድና አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አውሮፕላኑ ውስጥና ውጭ ያለው የግፊት ልዩነት በየካሬ ሜትሩ ወደ 6 ቶን ይጠጋል።

ጠፍጣፋ አካል ይህን ግፊት እንዲችል ብረት ቢጨመርበት ክብደቱ ትርፉን ይበላዋል። ናሳና ቦይንግ ለዚህ ያበጁት መላ ደስ ይላል፤ ካርቦን ፋይበሩን በማጣበቂያ ብቻ ከማያያዝ በክር ይሰፉታል። ስፌቱ ስንጥቅ ሲጀምር ባለበት ያስቆመዋል። ባለ ሁለት ፎቅ የአካል ቁራጭ በዚህ ዘዴ ሠርተው በናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል በግፊትና በሸክም አንድ ላይ ፈትነውታል።

ሁለተኛው መልስ ጅራት ነው። ጅራት አፍንጫው እንዳይነሣና እንዳይደፋ ሚዛን ይጠብቃል። ጅራት የሌለው አውሮፕላን በክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ባሉ ብዙ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ነው ሚዛኑን የሚጠብቀው፤ እነሱን በየቅጽበቱ የሚያዘው ደግሞ ኮምፒውተር ነው። ይህን ስናነብ ኢትዮጵያውያን ከማንም የተለየ ነገር ይሰማናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አልቋል። ከአራት ወር ተኩል በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ጠፍቶ ነበር። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ ነበሩ፤ ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1967 በበረረ አካል ላይ ትልልቅ ሞተሮች ተገጥመውለት የመጣ ነው። ሞተሮቹ ወደ ፊትና ወደ ላይ በመገፋታቸው አፍንጫው የመነሣት ጠባይ አመጣ፤ ያን ለማረም የተጨመረው ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር ብቻ በሚያገኘው መረጃ አፍንጫውን ይደፋ ነበር። ኢንዶኔዥያ ላይ አደጋው እስኪደርስ ድረስ አብራሪዎች መኖሩን እንኳ አልተነገራቸውም።

ከዚህ አደጋ «ኮምፒውተር አይታመንም» የሚል ድምዳሜ አልወስድም። ድሪምላይነርና ኤ350 በየቀኑ በኮምፒውተር እየታዘዙ በሰላም ይበርራሉ። ገዳዩ የድሮውን ቅርጽ ከልኩ በላይ መለጠጥና የተለጠጠውን በተደበቀ መድኃኒት ማስታመም ነበር። አዲሱ ቅርጽ ኮምፒውተሩን ከመነሻው ይዞ ይነደፋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሴንሰሩ ስንት እንደሆነ፣ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ፣ አብራሪው እንዴት እንደሚነጥቀው ገዥው አገር በራሱ ባለሙያ ሳይመረምር መቀበል የለበትም። የእኛ ሲቪል አቪዬሽን ይህን የመጠየቅ መብቱ በደም የተገኘ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉም ሞተሩም ኃይላቸው ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ ነዳጅና ጭነት ሞልቶ መነሣት ይቸግረዋል። ግንቦት 1976 ዓ.ም አየር መንገዱ የተረከበው አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በርሮ በዘመኑ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ክብረ ወሰን ሆኖ ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ ግን የአሜሪካው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። አቡሴራ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱ አንዱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አካሉ ሁሉ ክንፍ የሆነ አውሮፕላን ክብደቱን በሰፊ ገጽ ላይ ስለሚያሳርፍ ለስስ አየር ይመቻል። ይሁንና ጅራት ስለሌለው እንደ ለመድናቸው አውሮፕላኖች ከክንፉ ኋላ ትልቅ ፍላፕ (ተዘርጊ ሰሌዳ) ዘርግቶ ተጨማሪ ኃይል መውሰድ አይሆንለትም። የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ በትክክለኛ መጠኑ ተሠርቶ ሲበርር ነው የሚታወቀው።

ያን ለማሳየት ከሁሉ ቀድሞ የሄደው ጄትዜሮ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2023 ለአንድ ሙሉ መጠን ማሳያ አውሮፕላን 235 ሚሊዮን ዶላር መደበለት፤ የመጀመሪያው በረራ እ.ኤ.አ. ለ2027 ታቅዷል። ዜድ4 የሚባለው የመንገደኛ ዓይነቱ 250 ሰው ገደማ እንዲጭን የተነደፈ ሲሆን ኩባንያው የነዳጅ ወጪው እስከ ግማሽ ይቀንሳል ይላል። ዩናይትድ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ገንዘቡን ቢያስገባም ትእዛዙን ማሳያው በርሮ ከመታየቱ ጋር አያይዞታል። ጠንቃቃ ገዥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

መንገደኛው በውስጡ ምን ያያል? በአንድ ረድፍ ብዙ መቀመጫ፣ ጥቂት መስኮት። ዳር የተቀመጠ ሰው አውሮፕላኑ ሲዘነብል ከመሐሉ ይልቅ ከፍ ዝቅ ማለቱ ይሰማዋል። ሕጉ ከመውጫ በሮቹ ግማሾቹ ተዘግተው እንኳ ሁሉም ሰው በ90 ሰከንድ እንዲወጣ ያዛል፤ ከሰፊ አዳራሽ መሐል ለተቀመጠ ሰው በሩ የት ነው የሚለው ገና ሙሉ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። ቧንቧውን ቀለበት ጨምሮ ማስረዘምም ቀላል ነው፤ የ787ም የኤ350ም ረጅምና አጭር ዓይነት የሚወጣው እንደዚያ ነው። የተዋሐደ አካል እንዲህ አይቀጠልም።

ወርዱ የአቡሴራን መሐንዲሶች ይመለከታል። የአውሮፕላን ማረፊያ በሮች በክንፍ ስፋት ይመደባሉ፤ ትልልቆቹ እስከ 65 ሜትር፣ ከነሱም የሚበልጡት እስከ 80 ሜትር። አየር መንገዳችን ያዘዘው ቦይንግ 777-9 ክንፉ 71.8 ሜትር ሆኖ ሳለ መሬት ላይ ጫፉን አጥፎ 64.8 የሚሆነው ለ65ቱ በር ብሎ ነው። አራት መንደርደሪያና ሲጠናቀቅ ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ የታሰበለት ማረፊያ ለሃምሳ ዓመት ይሠራል። ስለዚህ ሰፋ ያሉ በሮችን፣ ሞተሩ ጀርባው ላይ ላለ አውሮፕላን የሚሆን ከፍ ያለ የጥገና መሰላልና ቤትን አሁን በንድፉ ማስገባት ኋላ አፍርሶ ከመሥራት ይረክሳል። ልደታ አጥሮ ስንወጣ ወደ ቦሌ የሚያሻግር ባዶ መሬት ነበረን፤ ያ ዕድል በየጊዜው አይገኝም።

መጀመሪያ የሚመጣው ደግሞ የሰው ሳይሆን የዕቃ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። ዕቃ መስኮት አይጠይቅም፣ የ90 ሰከንዱም ፈተና ለመንገደኛ የወጣ ነው፤ ሰፊው መሐል ደግሞ ብዙ ይይዛል። ናቲለስ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ኮና ብሎ የሰየመውን የጭነት አውሮፕላን ከመንገደኛው አስቀድሞ የነደፈው በዚህ መንገድ ነው። ከጓንግዡና ከዱባይ ጨርቁን፣ ስልኩን፣ መለዋወጫውን በአየር ለሚያስመጣ የመርካቶ ነጋዴ በኪሎ ከሚከፍለው ዋጋ አንዱ ትልቅ ክፍል ነዳጅ ነው፤ ከነዳጁ ሲሶው እንኳ ቢቀነስለት ሱቁ ላይ የሚለጥፈው ዋጋ ይለወጣል።