መዝገቡ ላይ የማን ስም ነበር?

ዛሬ የምናነበው ስለ አገልጋይና ስለ ግብር ነው። ሁለቱ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1777፣ መንግሥት አሜሪካ ላይ ለሚያካሂደው ጦርነት ገንዘብ አነሰው። ስለዚህ ቤቱ ወንድ አገልጋይ ያሳደረ ሁሉ ለእያንዳንዱ አገልጋይ በዓመት 21 ሽልንግ ይክፈል ተባለ። እርሻ ላይ የሚሠራው አይቆጠርም። በስኮትላንድ የጌቶቹና የአገልጋዮቹ ስም የተጻፈበት መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ እዚያ ከፋዩ ጌታው ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ተገልብጦ ነበር። በገባር ሥርዓት አገልጋይነቱ ራሱ ግብር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አርሲና ወደ ደቡብ የዘመተው ወታደር ደመወዙ ገንዘብ አልነበረም፤ እንደ ማዕረጉ ገባር ይቆጠርለት ነበር። ገባሩ እህል ይሰጣል። በዚያ ላይ ለጌታው እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ ጌታው ሲዘምት ስንቅ ይሸከማል። ሚስቱ የጌታውን እህል ትፈጫለች። እሷን ማን ቆጠራት? አንድ ገባር ሲባል የሚሠራው እኮ ቤተሰቡ በሙሉ ነው!

ኋላ መሬቱ በቃላድ፣ ማለት በጠፍር ገመድ፣ ተለካ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ለየው። ለአንድ ጋሻ ለም 15 ብር ግብርና 35 ብር የአሥራት ምትክ፣ ለለም ጠፍ 10 እና 30፣ ለጠፍ 5 እና 10 ብር ተቆረጠ። የግዴታ አገልግሎት በሕግ ቀረ።

በወረቀት ላይ መልካም ነው። ነገር ግን መዝገቡ ላይ የሰፈረው የባለመሬቱ ስም ነው፤ ደረሰኙም የሚቆረጠው በእሱ ስም ነው። ባለመሬቱ አሥራቱን ከጭሰኛው ምርት አስቀድሞ ያነሳል። ከቀረው ላይ ደግሞ እንደ ውላቸው እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይወስዳል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው። ላቡን ያፈሰሰው ጭሰኛው፣ «ከፈለ» ተብሎ የተጻፈው ባለመሬቱ! መሬት የማን ነው የሚል ክርክር ሲነሣ ደግሞ የግብር ደረሰኝ ማስረጃ ነበር። ከአዳማ በስተደቡብ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትራክተር ሲገባ ብዙ ጭሰኛ ከእርሻው ተነቀለ። ምን ወረቀት ያሳይ? ስሙ የትም አልተጻፈም። በየአካባቢያችሁ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ከእኔ የበለጠ ይነግሯችኋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ። ጭሰኛው ለባለመሬቱ የነበረበትም የመሬት ኪራይ ዕዳ ተሰረዘለት።

ዛሬ የመሬት ይዞታ ደብተር ስትቀበሉ የባልም የሚስትም ስም መግባቱን እዩ። የግብር ደረሰኝ ስትቀበሉም ስማችሁን፣ ዓመቱንና የብሩን ልክ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ልጃችሁ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ከሆነ ደግሞ የደመወዟን ወረቀት አምጪ በሏት። መጀመሪያ ስሟ አለ፤ ቀጥሎ ጠቅላላ ደመወዟ፣ ከእሱ የተቆረጠው የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ፣ በመጨረሻም እጇ የሚገባው የተጣራ ሂሳብ። አንዱን ከሌላው ቀንሱና አብራችሁ አስሉት።