ዛፉ ይቆይ፣ ፍሬው ይቅር

ዛፍ ማፍራቱ ለአብዛኞቻችን በረከት ነው። በካሊፎርኒያና በአሪዞና ከተሞች በየመንገዱ ዳር ለጥላ የተተከሉት የወይራ ዛፎች ግን ነዋሪውን ያማርሩታል። ከእኛው ወይራ ጋር የአንድ ዝርያ ዘመዳሞች ናቸው፤ የእኛው ፍሬ ደቃቅ ሲሆን የእነርሱ ግን ዘይት የሚጨመቅበት፣ ሥጋ ያለው ነው። ጥሬው ስለሚመር አላፊ አግዳሚው ቀጥፎ አይበላውም። ሲበስል መሬት ላይ ወድቆ ይፈርጣል፤ ጥቁር ጭማቂው የእግረኛ መንገዱን ያበላሻል፣ ሰው ያንሸራትታል፣ ከጫማ ጋር ቤት ገብቶ ምንጣፍ ያቆሽሻል። በዚህ ምክንያት ስንት ዓመት ያደገ ዛፍ መጋዝ ይታዘዝበታል። ከመጋዙ በፊት ግን መሞከር ያለበት መንገድ አለ፤ ፍሬው ሳይቋጠር አበባውን የሚያረግፍ ርጭት።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው ኤቴፎን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ኤቴፎን ኮምጣጣ በሆነ ውሃ ውስጥ ሳይለወጥ ይቆያል፤ የአሲድ መጠኑ አነስተኛ ወደሆነው የተክሉ ሕዋስ ሲገባ ግን ይፈርስና ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ኤቲሊን በተክል ላይ ያለውን ኃይል እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳየው ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ ነው፤ ለመብራት በሚነደው ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን የአተር ቡቃያን ሲያጣምም አስተዋለ። በ1934 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን ተክሎች ራሳቸው ይህን ጋዝ እንደሚሠሩ አረጋገጠ። ሙዝ የሚያበስለውም እርሱ ነው። ኤቲሊን ሲበዛ አበባው ከቅርንጫፉ ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ያሉት ሕዋሳት ይላላሉ፤ አበባውም ይረግፋል። ወይራ ያለ ማንም እርዳታ ከአበባው አብዛኛውን ያራግፋል፤ ለጥሩ ምርት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት አበባ ብቻ ፍሬ ቢይዝ ይበቃዋል። እንግዲህ ርጭቱ ዛፉ ዘወትር የሚያደርገውን እስከ መጨረሻው ያስኬደዋል እንጂ ባዕድ ነገር አያስተምረውም። በእኔ ግምት ትልቁ መከራከሪያው ይኸው ነው።

አልሠራም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ምክንያቱ ግን ቀኑ ነው። ወይራ አበባውን በአንድ ጊዜ አይከፍትም። ቀድሞ የተረጨ እንቡጡን ያልፈዋል፤ የዘገየ ደግሞ ፍሬው ከተቋጠረ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ አብዛኛው አበባ ተከፍቶ ፍሬ መያዝ ሳይጀምር ያሉት ጥቂት ቀናት መጠበቅ አለባቸው፤ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ መርጨት ያስፈልጋል። አየሩ ከቀዘቀዘ ጋዙ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሥራው ይደክማል፤ በጣም ከሞቀ ወይም ዛፉ ውሃ ጠምቶት ከሆነ ቅጠልም አብሮ ይረግፋል። ረጅም ዛፍን ከላይ እስከ ታች ለማርጠብ ኃይለኛ መርጫ ይጠይቃል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ለጎረቤት አትክልት ይተርፋል። ይህም በየዓመቱ የሚደገም ነው።

ኬሚካል ነውና ይቅር የሚለው ስጋት ሊናቅ አይገባም። ኤቴፎን ራሱ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ያለ ጓንትና ያለ መነጽር የሚነካ አይደለም። ሁሉንም ርጭት በአንድ ዓይን ማየት ግን ስህተት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የኖረ አንባቢ በመኸር የሚወድቀውን የሴቴ ጊንኮ ዛፍ ዘር ሽታ ያውቀዋል፤ በተበላሸ ቅቤ ውስጥ ያለው አሲድ ነው እንዲያ የሚሸተው። ከተማዋ ለጊንኮዎቿ ስትረጭ የኖረችው ክሎርፕሮፋም ሲሆን፣ በጎተራ ያለ ድንች እንዳይበቅል የሚረጨው እርሱው ነው። ሥራው የሕዋስን መከፋፈል ማገድ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ፈቃዱን ሳያድስ ቀርቷል። ስለዚህ የሚረጨው ምን እንደሆነ ስሙን ጠይቆ ማወቅ ይገባል። ወፎችም መታሰብ አለባቸው፤ በክረምት ፍሬ ለቅመው የሚያድሩ ብዙ ናቸው። በጓሮ ሣር ላይ የሚወድቅ ፍሬ ማንንም አይጎዳምና ለእነርሱ ይተውላቸው፤ ርጭቱ ሰው ለሚረግጠው መንገድ ብቻ ይሁን።

ለአበባ ብናኝ ግን ርጭቱ መፍትሔ አይሆንም፤ በሚረጭበት ሰዓት አበባው ተከፍቶ ብናኙን በትኗል። የላስ ቬጋስ አካባቢ አስተዳደር የወይራ ተከላን የከለከለው በብናኙ አለርጂ የተነሳ ነው። ጥላው ለደረሰ ዛፍ የአንድ ጸደይ ርጭት ከመጋዝ ይሻላል። ገና ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ግን ርጭት ውስጥ ምን አስገባው? ፍሬ የማይሰጠውን «ስዋን ሂል» የተባለ የወይራ ዓይነት ይትከል።