መዋቅር ሲቀየር አድራሻው የማይጠፋ ሰነድ

«ሼርፖይንት ላይ ተጭኗል፣ እዚያ ፈልጉት።» በዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሮ የሠራ ሰው ይህን መልስ ሳይሰማ አይቀርም። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ሰነዱ እዚያ አለ። ፈላጊው ግን ገጽ ከገጽ ሲያገላብጥ ቆይቶ ስልክ ያነሣና «እባክህ በኢሜይል ላክልኝ» ይላል። ይላክለታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰነዱ ሁለት ቅጂ ይኖረዋል። አንዱ ሲታረም ሌላው እንደነበረ ይቀራል፤ ወረዳ ላይ ያለ ባልደረባም ባለፈው ዓመት ተመን የውሎ አበል ሠርቶ ያስፈርማል። ሒሳብ ክፍል ወረቀቱን ሲመልስበት ጥፋቱ የእርሱ ይመስላል።

እኔ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የአዲስ አበባ ቢሮ የመረጃ ሥርዓት ባለሙያ ነኝ። ዋናው ሥራዬ ቡድኖች ሰነድ የሚያስቀምጡባቸውንና አብረው የሚሠሩባቸውን የቆዩ ሳይቶች ወደ አዲሱ ገጽታ ማሸጋገር ነው። ዲዛይን ይታደስ ሲባል አለቆች ቶሎ የሚታያቸው ቀለም፣ ሎጎና ትልቅ ፎቶ ነው። ፎቶውን አልጠላውም፤ ያማረ ገጽ ሰው ይጋብዛል። ነገር ግን አሮጌው ሳይት ሠራተኛውን ያደከመው በመልኩ አይደለም። የተሠራው የድርጅቱን የሥልጣን ሰንጠረዥ ተከትሎ ስለነበረ ነው። እድሳት የምለው ሳይቱ ሰው ሊፈልገው በሚመጣው ነገር ዙሪያ ሲደራጅ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። ሼርፖይንት የማይክሮሶፍት ምርት ነው፤ የመጀመሪያው ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አንድ ቡድን ሰነዶቹን፣ ዝርዝሮቹን፣ ማስታወቂያዎቹንና የሥራ መርሐ ግብሩን በአንድ ውስጣዊ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጥበታል፤ ማን ምን ማየትና ማረም እንደሚችልም ይወስንበታል። በ2003፣ በ2007፣ በ2010 እና በ2013 ስሪቶቹ በዓለም ቢሮዎች ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮሶፍት አዲሱን ገጽታ ማውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ የሰነድ ማከማቻዎቹን፣ ቀጥሎ የቡድን ሳይቶቹን ገጾች። አሮጌው ከዚያ ወዲህ «ክላሲክ» ይባላል። መለየቱ ቀላል ነው። ከላይ የዎርድን የመሰለ የትእዛዝ ሪባን፣ ከግራ ረጅም ዝርዝር፣ በስልክ ሲከፈት ደግሞ ካልሰፋ የማይነበብ ጽሑፍ ካያችሁ ክላሲክ ላይ ናችሁ።

በእኛ አገር ይህ የስልክ ነገር ትንሽ አይደለም። የመስክ ሠራተኛ ላፕቶፑን ከመኪና አውርዶ ኔትወርክ እስኪያገኝ ሥራው ያመልጠዋል፤ ስልኩ ግን እጁ ላይ ነው። አዲሱ ገጽ ስክሪኑን አይቶ ራሱን ያስተካክላል፤ ሦስት ዓምድ የነበረው በስልክ ላይ ወደ አንድ ይወርዳል። ክላሲኩ ሰፊ ስክሪን፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አለ ብሎ የተሠራ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 በጡረታ ተሰናብቷል፤ አንዳንድ የቆዩ ገጾች የተመኩበት ሲልቨርላይትም ድጋፉ ያበቃው በጥቅምት 2021 ነው። ሳይቱ ቆሞ ሳለ የተደገፈባቸው ነገሮች አንድ በአንድ ከሥሩ እየወጡ ነው ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በክላሲክ ዘመን የተለመደው አሠራር አንድ ዋና ሳይት ከፍቶ ከሥሩ ንኡስ ሳይት፣ ከዚያ ሥር ሌላ ንኡስ ሳይት መደርደር ነበር። እልፍኝ ለመግባት ጓዳውንና ማጀቱን ማለፍ ግድ እንደሚሆንበት ቤት ነበር። የአዲስ አበባ ቢሮ፣ ከሥሩ የፕሮግራም ዘርፍ፣ ከሥሩ ጤና፣ ከሥሩ አንድ ፕሮጀክት፣ ከሥሩ «2015» የሚል ፎልደር። ይህ ሁሉ የሰነዱ አድራሻ አካል ነው። መዋቅር ሲቀየር ታዲያ ምን ይሆናል? ጤናና ሥርዓተ ምግብ ተዋሕደው አንድ ክፍል ይሆናሉ፤ አንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላ ዘርፍ ይዛወራል። ንኡስ ሳይቱን ካላዛወሩት የማይኖር ክፍል ስም ተሸክሞ ይቀራል። ካዛወሩት አድራሻው ይለወጣል፤ በኢሜይል፣ በመመሪያ፣ በስምምነት ሰነድ ውስጥ የተጻፈው ሊንክ ሁሉ ይሞታል። መዋቅር ደግሞ በየጊዜው ይቀየራል።

አዲሱ አደረጃጀት ይህን ቋጠሮ ይፈታዋል። እያንዳንዱ ቡድን ወይም ሥራ ራሱን የቻለ ሳይት ይኖረዋል፤ ማንም ከማንም ሥር አይገባም። የሚዛመዱት እ.ኤ.አ. በ2018 በመጣው «ሃብ ሳይት» ይታሰራሉ፤ ይህም የጋራ ምናሌ፣ የጋራ መልክና የጋራ ፍለጋ ይሰጣቸዋል። ክፍሉ ከአንድ ዘርፍ ወደ ሌላ ሲዛወር ሳይቱን ከአንዱ ሃብ ፈትቶ ከሌላው ማሰር ነው። አድራሻው አይነካም፤ ሊንኩ አይሞትም። ስለ እድሳት አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ቢፈቀድልኝ የምናገረው ይህን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፎልደር ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ከማንም ይልቅ የተማርሁት ከመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ነው። ጡረታ የተቃረቡ ወይዘሮ ናቸው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ የተደራረበውን ማከማቻ ባሳየኋቸው ጊዜ «ልጄ፣ ደብዳቤ እኮ በመደርደሪያ አይፈለግም፣ በመዝገብ ነው የሚፈለገው» አሉኝ። መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ከማን የመጣ፣ ጉዳዩ፣ ለማን እንደተመራ። እነዚህን አምስት ነገሮች እንደ ዓምድ አድርጌ በሰነድ ማከማቻው ላይ አስገባኋቸው። አሁን አንድ ደብዳቤ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ፕሮግራም ክፍል በጉዳዩ፣ ሒሳብ ክፍል በቀኑ፣ እርሳቸው በቁጥሩ ያገኙታል። የሼርፖይንት ባለሙያዎች ሜታዳታ እያሉ በሥልጠና የሚያስተምሩትን የአገራችን መዝገብ ቤት ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል።

«2015» የሚለውን ፎልደር አንሥቼ ነበር። ስንከፍተው የ2015 ዓ.ም. ሪፖርቶችና የእ.ኤ.አ. 2015 ሪፖርቶች ተቀላቅለው ተገኙ፤ በመካከላቸው ሰባት ዓመት አለ። የሼርፖይንት የቀን ዓምድ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ስለዚህ ለቅደም ተከተል የፈረንጁን ቀን፣ ለሰው ደግሞ «የበጀት ዓመት» የሚል የምርጫ ዓምድ ከነ «ዓ.ም.» ማስቀመጥ ግድ ሆነ። የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ እንድንጠቀም ሐሳብ ያቀረቡ ነበሩ። ተቃወምሁ፤ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጋር የምንፈራረመው በዓ.ም. ነውና።

የፊደሉ ነገር ከዚህም ይከብዳል። አንዱ «ዓመታዊ ዕቅድ» ብሎ ይሰይማል፣ ሌላው «አመታዊ እቅድ» ይላል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን «ዓ» እና «አ» የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ለሰነድ ዓይነቶች አንድ ወጥ አጻጻፍ ወስነን ሠራተኛው ከዝርዝር እንዲመርጥ አደረግን፤ በራሱ እጅ አይጽፍም። ከዚህ የባሰው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈው ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪቱ ቢሆንም ቢሮዎች አሮጌዎቹን ፎንቶች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተጠቅመዋል። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ውስጡ የላቲን ምልክት ነው፤ ግዕዝ የሚመስለው ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። በስልክ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ፍለጋም አያገኘውም። ዋና ዋና ስምምነቶችንና መመሪያዎችን ወደ ዩኒኮድ ሳይቀይሩ ገጹን ብቻ ማሳመር ሠራተኛውን ከነበረበት አያንቀሳቅሰውም።

የሳይቱን አድራሻ በተመለከተ ደግሞ ምክሬ አጭር የላቲን ስም መስጠትና የሚታየውን ርዕስ በአማርኛ መጻፍ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በሊንክ ውስጥ ሲመሰጠር ዘጠኝ ምልክት ይወስዳል፤ በቴሌግራም የተላከ እንዲህ ያለ ሊንክ ሰው ያስፈራል።

አሁን ክላሲኩን ወደ አዲሱ ወደሚያሸጋግረው ቁልፍ። ክላሲክ የቡድን ሳይት ያለው አስተዳዳሪ ከጥርሳማው ጎማ ምልክት ሥር ሳይቱን ከአዲስ የማይክሮሶፍት 365 ግሩፕ ጋር የሚያገናኝ ትእዛዝ ያገኛል። ሲጫነው ሳይቱ አዲስ መነሻ ገጽ፣ የጋራ የመልእክት ሣጥን፣ የቀን መቁጠሪያና የሥራ ማቀጃ ያገኛል። ሰነዶቹ፣ አድራሻውና የቀድሞ ፈቃዶቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ አሮጌው መነሻ ገጽም አይሰረዝም። ይህ የሚሠራው ግን ለላይኛው ሳይት ብቻ ነው። ንኡስ ሳይቶችና የኅትመት አገልግሎት የተከፈተባቸው ሳይቶች በዚህ መንገድ አያልፉም። ለእነርሱ አዲስ ሳይት ከፍቶ ሰነዱን ማዛወር ያስፈልጋል፤ ሲዛወርም «ኮፒ» ሳይሆን «ሙቭ» መጠቀም ይገባል፤ ኮፒ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ሲወስድ ሙቭ የእርማት ታሪኩን ይዞ ይሄዳል።

በዚያው ቁልፍ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ግሩፑ ለሁሉም ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ? ቸኩሎ «ክፍት» ያለ ሰው የድርጅቱን ሠራተኛ በሙሉ የሳይቱ አባል ያደርገዋል፤ ማየት ብቻ ሳይሆን ማረምም ይችላል። በዚያ ሳይት ላይ የተረጂዎች ስም ዝርዝር፣ የሠራተኛ ቅሬታ ወይም የጨረታ ሰነድ ሊኖር ይችላል። በተረጂዎቹ ዝርዝር ላይ ያሉት እናቶች ስማቸው እንዲታይ አልፈቀዱም፤ እኔ ለእነርሱ ስል ሁልጊዜ ዝግ እመርጣለሁ፣ መክፈት ካስፈለገ በኋላ ይከፈታል። ግሩፕ ካገናኙ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ የለውምና የፈቃድ ዝርዝሩን አስቀድሞ ከየክፍሉ ኃላፊ ጋር ተቀምጦ ማንበብ ነው። ሥራውን ለቅቆ የሄደ ሰው ስም በየዝርዝሩ ይገኛል።

በአሮጌ ገጾች ላይ በእጅ የተጻፉ ስክሪፕቶችም ነበሩ፤ ተንሸራታች ፎቶ፣ ቀለም የሚቀይር ሠንጠረዥ። አዲሱ ገጽ አይቀበላቸውም፤ ምክንያቱም በገጽ ውስጥ የተቀመጠ ስክሪፕት የሚሠራው ገጹን በከፈተው ሰው ፈቃድ ነው። ዳይሬክተሩ ሲከፍቱት በዳይሬክተሩ ሥልጣን ይሠራል። የግድ የሚያስፈልግ ተጨማሪ ሥራ ካለ በአስተዳዳሪ ታይቶ በሚጸድቀው የሼርፖይንት ፍሬምወርክ ይሠራል። ያለፈውን ገጽ ወደ አዲስ ለመለወጥ ፒኤንፒ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበረሰብ በነፃ ያዘጋጃቸው መሣሪያዎች ይረዳሉ፤ እኛ ግን አብዛኛውን ገጽ እንደ አዲስ ጻፍነው፤ በአሮጌው ላይ የነበረው ብዙው ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ ነበርና።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። ማይክሮሶፍት የ2013ቱን የሥራ ፍሰቶች ከኢንተርኔቱ ሼርፖይንት የሚያነሣበት ቀን ብሎ የቆረጠው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2026፣ በእኛ መጋቢት 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የኢንፎፓዝ ቅጾችና በራስ ሰርቨር ላይ የሚሠሩት የ2016 እና የ2019 ስሪቶች ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ደግሞ ሐምሌ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ተብሎ ተቀምጧል፤ የመንግሥት በጀት ዓመት በተከፈተ በሳምንቱ። የፈቃድ መጠየቂያ ወይም የግዢ ማጽደቂያ ቅጹ በእነዚህ ላይ የቆመ መሥሪያ ቤት ስለ ቀለም ከመነጋገሩ በፊት ይህን መፍታት አለበት።

አዲስ ሳይት ሳስረክብ ፈተናው አንድ ነው። ሳይቱን አይቶ ለማያውቅ የመስክ ባልደረባ የራሱን ስልክ እንዲያወጣ እነግረውና «የዘንድሮውን የአበል ተመን አግኝልኝ» እለዋለሁ። ጣቱ የሚሄድበትን አያለሁ፤ አልናገርም። ጣቱ ከተንከራተተ መነሻ ገጹን እንደገና እሠራለሁ። ከአለቃ የሚመጣ አስተያየት አከብራለሁ፤ ገጹን የማስተካክለው ግን በዚያ ጣት ነው።

አሮጌው ሳይት ወዲያው አይሰረዝም። መጀመሪያ ለንባብ ብቻ ይደረጋል፤ በላዩም ወደ አዲሱ የሚመራ ሊንክ ይለጠፋል። የተሰረዘ ሰነድ በሼርፖይንት ማጠራቀሚያ 93 ቀን ይቆይና ከዚያ ይወጣል። ስለዚህ በእኛ ቢሮ የመሰረዣው ዝርዝር ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ይቀርባል፤ እርሳቸው እያንዳንዱን ከመዝገባቸው ጋር አመሳክረው ከፈረሙ በኋላ እሰርዛለሁ።