አንድ ቀንበጥ ከጓሮ ወደ ጓሮ

ጣፋጭ አቮካዶ የበላ ሰው ዘሩን ቀብሮ ቢያበቅል፣ የሚያገኘው ዛፍ እናቱን አይመስልም ማለት ይቻላል። አበባው የሌላ ዛፍ ብናኝ ስለሚቀበል ዘሩ የሁለት ወላጆች ድብልቅ ነው፤ ፍሬው ቃጫ ሊበዛበት ወይም ውሃ ውሃ ሊል ይችላል። ያንንም ለማወቅ ብዙ ጊዜ ከአምስት ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ነው። ጥሩነቱ ከተመሰከረለት ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ላይ ማዳቀል ግን ያንኑ ዛፍ በሌላ ጓሮ መልሶ ማግኘት ነው፤ ፍሬውም በሦስትና በአራት ዓመት ይደርሳል።

ዛሬ በዓለም ገበያ የነገሠው ሃስ የተባለው አቮካዶ የመጣው ከአንድ ሰው ጓሮ ነው። ሩዶልፍ ሃስ በካሊፎርኒያ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከዘር ባበቀለው ችግኝ ላይ በጊዜው ታዋቂ የነበረውን ፉዌርቴ የተባለ ዝርያ ለማዳቀል ተሞክሮ አልያዘም፤ ችግኙም እንዳለ እንዲያድግ ተተወ። ያፈራው ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር ፍሬ በጣዕሙ ተወደደ። ሃስ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት ቢያስመዘግብም ብዙ አልተጠቀመበትም፤ ገበሬዎች አንድ ችግኝ ይገዙና ቀሪውን ከእሱ በተቆረጠ ቀንበጥ ራሳቸው ያባዙ ነበር። እናቲቱ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ2002 በሥር መበስበስ ሞተች። ሆኖም የሃስ ዛፍ ሁሉ ዘሩ ከእሷ ይመዘዛል፤ ዝርያው የቆየው ቀንበጡ ከእጅ ወደ እጅ ስለተላለፈ ነው። በኢትዮጵያም ሚስዮናውያን ወደ ጨንቻ ደጋ ያስገቡት አፕል የተስፋፋው ገበሬዎቹ ራሳቸው ማዳቀል ተምረው ችግኝ መሸጥ ሲጀምሩ ነው።

ለማዳቀል ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ከዘር የበቀለና ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ያለው ችግኝ ሲሆን ባለሙያዎች ሩትስቶክ ይሉታል። ሌላው ከተመረጠው ዛፍ የሚቆረጥ ቀንበጥ ነው። ቀንበጡ ጤናማ፣ የበሰለ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ አበጥ ያለና ገና ያልፈነዳ መሆን አለበት። ከማንጎ የሚቆርጡ ሰዎች ከሳምንት እስከ አሥር ቀን አስቀድመው ቅጠሉን ያራግፋሉ፤ እምቡጡ ከዚያ በኋላ ይነቃል። እንደተቆረጠ ቅጠሉን አንስቶ፣ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ከፀሐይ ማራቅ ይገባል። ርቆ ለሚኖር ወዳጅ የሚላክ ከሆነ የዝርያው ስም አብሮ ይጻፍ፤ ስሙ የጠፋ ዛፍ ምን እንደሆነ ለማወቅ ፍሬው እስኪታይ ዓመታት ያልፋሉ።

አሠራሩ የእጅ ፍጥነትና ስለት ይፈልጋል። ችግኙ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆረጥና መሐሉ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይሰነጠቃል። የቀንበጡ እግር በሁለት ወገን በአዲስ ምላጭ እንደ ሽብልቅ ተስሎ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ዋናው ምስጢር ከልጡ ሥር ያለው ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ነው፤ የሁለቱ ሽፋን ቢያንስ በአንድ ወገን መገናኘት አለበት፣ ያለዚያ አይያያዝም። የተቆረጠው ገጽ ሳይደርቅ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ እርጥበት እንዳያመልጥ ፌስታል ይለብሳል፤ ችግኙም ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀንበጡ አረንጓዴ ሆኖ ከቆየና እምቡጡ ካበጠ ተይዟል። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣ ቡቃያ ሁሉ እየተነቀለ ይጣል፤ ችላ ከተባለ ጉልበቱን ሁሉ ይወስዳል። ግንዱ ሲወፍር እስሩ እንዳያንቀው መፈታት አለበት።

ጎረቤታሞች ዝርያ ቢለዋወጡ ሌላም ጥቅም አለው። እንደ ሃስ ያሉት አቮካዶዎች አበባቸው ጠዋት በሴትነት ይከፈትና በማግስቱ ከሰዓት በወንድነት ይመለሳል። የፉዌርቴና የኢቲንገር ዝርያዎች ግን ከሰዓት በሴትነት፣ በማግስቱ ጠዋት በወንድነት ነው። ሁለቱ ሲጎራበቱ አንዱ ለሌላው ብናኝ ያቀርባል። ጓሮው ጠባብ ከሆነ በአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሌላውን ማዳቀል ይቻላል።

ከቀንበጥ ጋር ግን በሽታና ተባይም ይጓዛሉ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ መጀመሪያ የታየው ነጩ የማንጎ ተባይ ወደ ሌሎች የማንጎ አካባቢዎች ተዛምቷል፤ ቅጠሉና ግንዱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ካለበት ዛፍ መቁረጥ ክልክል ሊሆን ይገባል። አቮካዶን የሚያጠቃው ሰንብሎች የተባለ በሽታ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ በዛፉ ውስጥ ይደበቅና በቀንበጥም በምላጭም ይተላለፋል። ስለዚህ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ ስለቱን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ብርቱካንና ሎሚ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ትሪስቴዛ የሚባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በብራዚልና በአርጀንቲና በኮምጣጣ ብርቱካን ሩትስቶክ ላይ የተዳቀሉ ሚሊዮኖች ዛፎችን ፈጅቷል። የብርቱካንና የሎሚን ቀንበጥ ከጓሮ ከመለዋወጥ ይልቅ ንጽሕናው ከተረጋገጠ የችግኝ ጣቢያ መውሰድ ይሻላል።