የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የማይፈታ ፊት
ስለ ፓርኪንሰን ሕመም

ውድ እኅቶቻችን፣ ከአገር ስትወጡ ብዙዎቻችሁ የተነገራችሁ ሥራ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብና ምግብ ማብሰል ነበር። ቤቱ ከገባችሁ በኋላ ግን ዋናው ሥራ አንድ አዛውንት አባት ወይም እናት ማስታመም ሆኖ ያገኛችሁት ጥቂቶች አይደላችሁም። ከእነዚህም መካከል እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እግራቸው መሬት እየሳበ የሚራመዱ፣ ድምፃቸው የደከመ ታማሚዎችን የምትንከባከቡ አላችሁ። የቤቱ ሰዎች ሕመሙን «ባርኪንሰን» ወይም «ሸለል ረዓሽ» ሲሉት ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ ፓርኪንሰን የምንለው ነው።

እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ከሚያስታምሙ እኅቶች ሦስት ነገሮች ደጋግመን እንሰማለን። አንደኛው፣ «ጠዋት ራሳቸው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ቀትር ላይ ግን አንሺኝ ይላሉ፤ ሆን ብለው ሊያደክሙኝ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ፊታቸው አይፈታም፤ ባገለግላቸው ፈገግ አይሉም፤ ጠልተውኛል» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ «በእኔም ላይ ይጋባ ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ነው። የሦስቱም መልስ በታማሚው ጠባይ ሳይሆን በአንጎሉ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ዘንድ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንመለከታለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም እጃቸው የሚንቀጠቀጥና አካሄዳቸው የተለወጠ ስድስት ሰዎችን ተመልክቶ ስለ ሕመማቸው አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ሕመሙ ከጊዜ በኋላ በእርሱ ስም ተጠራ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ዝነኛው ቦክሰኛ መሐመድ አሊ ሕመሙ እንዳለበት የታወቀው በ1984 ገና የ42 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ነው። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በመጨረሻ ዘመናቸው በዚሁ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። እንግዲህ ድሀ ሀብታም፣ ብርቱ ደካማ ሳይል የሚመጣ ሕመም ነው። በአገራችንም ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

በአንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

በአንጎላችን መካከለኛ ክፍል፣ ወደ ሥሩ ገደማ፣ ጠቆር ያለ ቀለም ያላቸው የነርቭ ሕዋሳት የተሰበሰቡበት ትንሽ ስፍራ አለ። እነዚህ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያዘጋጃሉ። ዶፓሚን መልእክተኛ ነው። ሲኒ ለማንሣት ስናስብ እጃችን ሳይዘገይና ሳይንቀጠቀጥ እንዲታዘዘን የሚያደርገው እርሱ ነው። ሳናስብባቸው የምናደርጋቸው ነገሮች ሁሉ፣ ስንራመድ ክንድን ማወዛወዝ፣ ዓይንን ማርገብገብ፣ ሰው ሲያናግረን ፈገግ ማለት፣ የእርሱን እርዳታ ይሻሉ።

በፓርኪንሰን ሕመም እነዚህ ጥቁር ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ የሞቱትም አይተኩም። የእጅ መንቀጥቀጥና የአካሄድ መለወጥ በግልጽ እስኪታይ ድረስ ግማሽ የሚሆኑት ወይም ከዚያ የሚበልጡት ሕዋሳት ጠፍተዋል። ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ሽታ አለመለየት፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መጮኽና መማታት ሊጀምር ይችላል።

የማይፈታውም ፊት ምሥጢሩ ይኸው ነው። የፊት ጡንቻዎች መልእክቱ ስለማይደርሳቸው ፊት እንደ ጭንብል ይሆናል። አዛውንቷ በልባቸው እያመሰገኑሽ ፊታቸው ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ፍቅርንም ሆነ ጥላቻን ከታማሚ ፊት ማንበብ ያሳስታል።

ሕዋሱ ለምን ይሞታል?

ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ አልጨረሱትም፤ ሆኖም በሕዋሱ ውስጥ ሦስት ነገሮች እንደሚበላሹ ደርሰውበታል። ሕዋሱን እንደ አንድ ቤት እናስበው።

የመጀመሪያው መጓጎል ነው። ገንፎ ሲገነፋ በደንብ ካልተማሰለ እንደሚጓጉል፣ አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲንም ቅርጹን ሲለቅ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይጓጉላል። ፍሬድሪክ ሌዊ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እነዚህን ጉብታዎች በታማሚዎች አንጎል ውስጥ ያየው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከምን እንደተሠሩ የታወቀው ግን በ1997 ነው። ጉብታው ከአንዱ ሕዋስ ወደ ጎረቤቱ ሕዋስ ሊዛመት እንደሚችል ይታመናል።

ሁለተኛው የምድጃው መዳከም ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ኃይል አመንጪ ምድጃዎች አሉ። ጥቁሮቹ ሕዋሳት ቅርንጫፋቸው እጅግ የበዛ ስለሆነ ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ምድጃው ሲደክም ቀድመው የሚጎዱትም እነርሱ ናቸው። ይህ በአሳዛኝ መንገድ ታወቀ። በ1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በሕገ ወጥ መንገድ የተሠራ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ፓርኪንሰን ታማሚ ደርቀው ቀሩ። በዕፁ ውስጥ ሳይታወቅ የተቀላቀለ መርዝ የእነዚያን ሕዋሳት ምድጃ አጥፍቶ ነበር።

ሦስተኛው የጽዳቱ መጓደል ነው። ሕዋስም እንደ ቤት ቆሻሻው ተጠርጎ መውጣት አለበት። ያረጀ ፕሮቲንንና የተበላሸ ምድጃን የሚፈጭ ላይሶሶም የሚባል ክፍል አለው። ይህ ክፍል ሥራውን ሲያጓድል ቆሻሻው ይከማቻል፤ መጓጎሉም ይብሳል። አንድ ቀን ቤት ሳይጠረግ ቢውል ምን እንደሚመስል ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በዘር ይተላለፋልን?

ሕዋስ ሥራውን የሚሠራው በውስጡ በተጻፈ መመሪያ ነው፤ የመመሪያው አንዱ ክፍል ጂን ይባላል። ጂኖቻችንን በጥንድ እንወርሳለን፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። አብዛኞቹ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ሕመሙ የመጣባቸው በአንድ ጂን ብልሽት ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ፣ አካባቢና ብዙ ጥቃቅን የዘር ልዩነቶች ተደምረው ነው። በቤተሰባቸው ሌላ ታማሚ ያላቸው ከመቶ 10 እስከ 15 ያህል ናቸው።

ለአንዳንዱ ሕመም ከሁለቱ ጂን አንዱ መበላሸቱ ይበቃል። ለሌላው ግን ሁለቱም መበላሸት አለባቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. በጃፓን የተገኘው «ፓርኪን» እና በ2004 የታወቀው «ፒንክ 1» የሚባሉት ጂኖች ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ሥራቸው የተበላሸውን ምድጃ ለጽዳት ምልክት ማድረግ ነው፤ ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ሕመሙ በወጣትነት ይጀምራል።

በምትኖሩበት አካባቢ የአጎትና የአክስት ልጆች መጋባት የቆየ ልማድ ነው። ባልና ሚስት ከአንድ አያት ሲወለዱ አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ከሁለቱም ወገን ለልጅ የመድረሱ ዕድል ይጨምራል። በዮርዳኖስ ኩፍር ራኪብ ከተባለች መንደር በመጣ አንድ ቤተሰብ ላይ በ1994 እ.ኤ.አ. የተገለጠው፣ ገና በልጅነት ማብቂያ የሚጀምር ሕመም በመንደሪቱ ስም ተጠርቷል። ጂኑ በ2006 ሲገኝ የላይሶሶምን ሥራ የሚረዳ ሆኖ ተገኘ። በሰሜን አፍሪካ አረቦች ዘንድ ደግሞ «ላርክ 2» የሚባለው ጂን አንድ ዓይነት ለውጥ ከሦስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ላይ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ለውጡን የወረሰ ሁሉ አይታመምም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም በአፍሪካውያንና ከአፍሪካ በተወለዱ ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚገኝ፣ በአውሮፓውያን ዘንድ ግን እምብዛም የማይታይ ሌላ የጂን ለውጥ አሳይቷል።

ከዚህ የምንረዳው ሕመሙ የሚጀምረውም የሚዛመተውም በታማሚው በራሱ አካል ውስጥ መሆኑን ነው። በምራቅ፣ በሲኒ፣ በልብስ፣ ገላ በማጠብ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እርግማን ወይም የሰው እጅ ያመጣው ነገርም አይደለም።

ጠዋት የሄደ ቀትር ላይ ለምን ይቆማል?

ዶፓሚን በኪኒን ቢሰጥ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ስለዚህ አንጎል ገብቶ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ሌቮዶፓ የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን እስከ ዛሬም ዋናው መድኃኒት እርሱ ነው። በምታስታምሙበት ቤት «ሲኔሜት» ወይም «ማዶፓር» ተብሎ ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። ሕመሙን አያድንም፤ የጎደለውን ይሞላል እንጂ።

በሕመሙ መጀመሪያ ላይ የቀሩት ሕዋሳት ዶፓሚኑን አጠራቅመው ቀስ እያሉ ያወጡታል። ዓመታት ሲያልፉ የሚያጠራቅም ሕዋስ ያንሳል። ባትሪው ያረጀ ስልክ ከቻርጀር እንደተነቀለ እንደሚጠፋ፣ ታማሚውም የመድኃኒቱ ኃይል እንዳለቀ ይደርቃል። ሌላ ኪኒን ወስዶ ጥቂት ከቆየ በኋላ መልሶ ይንቀሳቀሳል። ጠዋት የተራመዱት አባት ቀትር ላይ አንሺኝ ማለታቸው ተንኰል ሳይሆን የኪኒኑ ሰዓት መድረሱን ወይም ማለፉን የሚያሳይ ነው።

አስታማሚዋ ምን ታድርግ?

1. የኪኒኑን ሰዓት ጠብቂ። ግማሽ ሰዓት መዘግየት እንኳ ሰውን ሊያደርቅ ይችላል። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል አስቀድመሽ ንገሪ፤ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። በረመዳን ታማሚው ልጹም ቢል የሰዓቱን ለውጥ ሐኪም ይወስን።

2. ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የመድኃኒቱን መንገድ ሊሻሙ ይችላሉ። ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይሰጥ እንደሆነ ቤተሰቡ ሐኪሙን ይጠይቅ።

3. በር ላይ እግራቸው ተጣብቆ ሲቀር አትጎትቻቸው፤ ትወድቃላችሁ። ቆም ይበሉ፤ ከዚያ «ዋሒድ፣ ኢትኔን» እያልሽ ቁጠሪላቸው፤ ወይም ወለሉ ላይ ያለ መሥመር እንዲሻገሩ አሳያቸው። ሌላ የአንጎል መንገድ ስለሚከፈት ብዙ ጊዜ ይራመዳሉ።

4. ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ በትንሽ በትንሹ፣ ሳይቸኩሉ። ጉሮሮም እንደ እግር ይዘገያል።

5. ሲያቅለሸልሻቸው «ፕሪምፔራን» የሚባለውን መድኃኒት ሐኪም ሳያዝዝ አትስጪ፤ ዶፓሚንን ይከለክላል።

6. ሕመሙ ሲገፋ፣ አንዳንዴም በመድኃኒቱ ምክንያት፣ የሌለ ሰው ማየትና «ወርቄን ሰረቅሽኝ» ማለት ይመጣል። አትከራከሪ፤ በዚያው ቀን ለቤተሰቡ ተናገሪ፤ ሐኪሙ እንዲያውቀውም ጠይቂ። ቀኑንና የተባለውን ጽፈሽ ያዢ። ዝም ካልሽ ነገሩ ከሕመም ወደ ክስ ሊለወጥ ይችላል።

7. ከፓርኪንሰን መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የታማሚውን ጠባይ ለውጠው ወደ አጉል ምኞት ሊመሩት ይችላሉ። እጁን ወደ ሰውነትሽ ከሰደደ ሳትውዪ ሳታድሪ ለማዳም ወይም ለምታምኚው የቤተሰቡ ሰው ንገሪ። መድኃኒቱን ማስተካከል የሐኪም ነው፤ «ታማሚ ነው» ተብሎ ግን የምትሸከሚው ነገር አይደለም። የሚሰማሽ ካጣሽ ወደ እኛ ነዪ።

8. ብቻሽን ሰው አታንሺ። ወገብሽ ከተጎዳ የሚተካልሽ የለም። ሌሊት የምትነሺ ከሆነም ቀን የምታርፊበት ሰዓት ጠይቂ፤ ይህ ልመና ሳይሆን ሥራው የሚፈልገው ነገር ነው።

ውድ እኅቶቻችን፣ ድካማችሁ በዚህ ጽሑፍ እንደማይቀልላችሁ እናውቃለን። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ አዛውንቱ በር ላይ ደርቀው ሲቆሙ፣ ከመቆጣታችሁና ከመከፋታችሁ በፊት ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ የኪኒኑ ሰዓት ደርሶ ይሆናል። በምታስታምሙበት ቤት ያጋጠማችሁን ጥያቄ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።